ሲ27 ባልቲክ እንዴት ደረሰች? በገመድ፣ በባርጅ፣ በወንዝ

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው፦ «ሲ27 የምትባል የእንግሊዝ ሰርጓጅ መርከብ የባህር ዳርቻ ጠባቂ ሆና የተሰራች ትንሽዬ ነገር ነች ይላሉ። ግን ደግሞ የጀርመን ዩ-ቦት (የጀርመኖች ሰርጓጅ) አስጥማለች፣ ሩሲያ ድረስ ሄዳለች፣ ፊንላንድ አጠገብ ቀርታለች የሚል አነበብኩ። ይሄ ሁሉ በአንዷ ላይ እንዴት ሆነ? ባልቲክ ውስጥስ በየት በኩል ገባች? መጨረሻ ላይ ጀርመኖች ማረኳት ወይስ ቦልሼቪኮች ወሰዷት? የሷ አይነትስ ዛሬ በአይን የሚታይ አለ?»

ወንድሜ ያነበብከው ሁሉም እውነት ነው፣ አንድ ሰው አጋኖ ጨምሮበት አይደለም። መጨረሻዋ ላይ ግን ጀርመንም ቦልሼቪክም አልያዛትም፣ የገዛ ሰዎቿ ናቸው ያሰጠሟት። እንዴት እዛ እንደደረሰች ለመረዳት መጀመሪያ ምን አይነት መርከብ እንደሆነች ማወቅ ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም ሌላው ታሪኳ በሙሉ ከአቅሟ ማነስ ነው የሚመጣው። (አመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ሲ27 ባሮው ከተማ ባለው የቪከርስ ድርጅት ተሰርታ በ1909 ኤፕሪል ላይ ውሃ ነካች፣ በዛው አመት ኦገስት ላይ አገልግሎት ጀመረች። ሲ ክላስ የሚባሉት፣ ማለትም በሷ አይነት የተሰሩት፣ 38 ናቸው። ርዝመቷ 43 ሜትር ገደማ ነው፣ ክብደቷ ውሃ ላይ ስትሆን 290 ቶን፣ ስትጠልቅ 320 ቶን አካባቢ። ሰራተኞቿ 16 ሰው ብቻ፣ 2 መኮንን እና 14 ባህረኛ። መሳሪያዋ ደግሞ ፊት ለፊቷ ላይ ያሉ ሁለት የቶርፔዶ (ውሃ ውስጥ ሄዶ መርከብ የሚመታ ፈንጂ) ማስወንጨፊያ ቱቦዎች፣ አለቀ። መድፍ የላትም። ሁለት ትርፍ ቶርፔዶ መጫን ይቻል ነበር ግን ለነሱ ክብደት ሲባል ነዳጅ መቀነስ ግድ ስለሚል አብዛኛውን ጊዜ አይጭኑም ነበር። ስለዚ ካፒቴኑ በእጁ ያለው ሁለት ምት ብቻ ነው ማለት ነው፣ ይቺን ነገር ያዛት በኋላ እንመለስባታለን።

ዋናው ችግሯ ሞተሯ ነው። ውሃ ላይ ስትሄድ የምትጠቀመው 600 የፈረስ ጉልበት ያለው የቤንዚን ሞተር ነበር፣ ናፍጣ አይደለም ቤንዚን! በተዘጋ የብረት ቱቦ ውስጥ ሰውም ባትሪም ቤንዚንም አንድ ላይ ማለት ነው። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ወለሉ ላይ ይተኛል፣ ከዛ አንዲት የኤሌክትሪክ ብልጭታ ትበቃዋለች። በ1905 ኤ5 የምትባለው ከነሱ በፊት የነበረችው ሰርጓጅ አየርላንድ ወደብ ላይ በዚሁ ምክንያት ፈንድታ ሰው ጨርሳለች። ያኔ አንዳንዶቹ ሰርጓጆች ውስጥ ነጭ አይጦች በጎጆ ይዘው ይገቡ የነበረው ለዚህ ነው፣ አየሩ ሲመረዝ አይጧ ከሰው ቀድማ ትወድቃለችና። ሲ ክላስ እንግሊዞች በቤንዚን ሞተር የሰሯቸው የመጨረሻዎቹ ናቸው፣ ቀጥሎ የመጣው ዲ ክላስ ናፍጣ ነው።

ፍጥነቷ ውሃ ላይ በሰአት 22 ኪሎሜትር ያህል፣ ውሃ ውስጥ በባትሪ 13 ቢሆን ነው፣ እሱም ባትሪው እስኪያልቅ። በአንድ ሙሌት 1700 ኪሎሜትር ገደማ ትሄዳለች፣ ይሄ ወረቀት ላይ ሲታይ ብዙ ይመስላል ግን ለመሄጃም ለመመለሻም ለመጠበቂያም ሲካፈል እንግሊዝ አጠገብ ከመዞር ብዙም አያልፍም። ስለዚ ጦርነቱ በ1914 ሲጀመር እነዚህ መርከቦች ወደብ መጠበቅ ላይ ተመደቡ፣ ጠላት ካልመጣ ስራ የላቸውም፣ ጠላት ደግሞ ወደ እንግሊዝ ወደብ እየመጣ አልነበረም።

እኔ ስለ ሲ27 ያለኝ ሀሳብ ይሄ ነው፦ ይቺ መርከብ ስም ያተረፈችባቸው ሁለቱ ዘመቻዎች ላይ በራሷ ሞተር ወደ ጠላት አልሄደችም። ሁለቱንም ጊዜ ሌላ ነገር ጎትቶ ወይ ተሸክሞ ነው ያደረሳት። ብዙ ሰው ስለሷ ሲጽፍ ይቺን ነገር እንደ ጉድለት ጠቅሶ ያልፋል፣ ለኔ ግን ቁምነገሩ እዚህ ጋ ነው፣ አቅሟ እዛ ድረስ አይደርስም ብለው አልተዋትም፣ የሚያደርሳትን መንገድ ፈጠሩላት።

የመጀመሪያው መንገድ በ1915 የመጣው ነው። ያኔ ዩ-ቦቶች ሰሜን ባህር ላይ የእንግሊዝ አሳ አጥማጆችን እየጨረሱ ነበር። ለትንሽ የአሳ መርከብ ውድ ቶርፔዶ ማባከን ስለማያዋጣቸው ብቅ ይሉና ሰራተኛው እንዲወርድ አዘው በመድፍ ወይ በቦምብ ያሰጥሟታል። ታዲያ የእንግሊዙ አድሚራል የቢቲ ጸሀፊ የነበረው ስፒከርኔል ነው ይባላል ሀሳቡን ያመጣው፦ የአሳ ማጥመጃ መርከቧ ዝም ብላ እንደ ማንኛዋም አሳ አጥማጅ ትሂድ፣ ከኋላዋ ግን መረብ ሳይሆን ውሃ ውስጥ የሰጠመች ሰርጓጅ በገመድ ትጎትት፣ በሁለቱ መሀል የስልክ ሽቦ ይዘርጋ። ዩ-ቦት ሲመጣ ከላይ ያለው ሰው በስልክ «በዚ በኩል ነው፣ ይሄን ያህል ይርቃል» ይላል፣ ሰርጓጇ ገመዱን ከውስጥ ትለቅና ሄዳ ትመታዋለች። ከላይ ያሉት ደግሞ እንደደነገጠ አሳ አጥማጅ እየተሯሯጡ ጀልባ ያወርዳሉ፣ ዩ-ቦቱ እነሱን እያየ እንዲዘናጋ።

ለዚህ ስራ ሲ ክላስ የተመረጡት እንዲሁ አይደለም። ትንሽ ስለሆኑ ለመጎተት አያስቸግሩም፣ ስለምትጎተት ነዳጅም ባትሪም አታባክንም፣ ማለትም ሰአቱ ሲደርስ ባትሪዋ ሙሉ ነው። ያ ደካማ ጎኗ በሙሉ በአንድ ገመድ ተሸፈነ ማለት ነው። ለሰራተኞቹ ግን ከባድ ስራ ነው፣ ከላይ ምን እንዳለ ሳታይ፣ አየሩ እየከበደ፣ ጥልቀትህን እየጠበቅክ ለሰአታት መጎተት ነው። አይንህም ጆሮህም ያቺ የስልክ ሽቦ ብቻ ነች።

መጀመሪያ የተሳካላት ሲ27 ሳትሆን እህቷ ሲ24 ነች። ጁን 23 ቀን 1915 ታራናኪ ከምትባል የአሳ መርከብ ጋር ሆና ዩ-40ን አሰጠመች። እሷም ላይ ገመዱ ከውስጥ አልለቅ ብሎ ታራናኪ በራሷ በኩል ለቀቀችው፣ ሲ24 ያን ሁሉ ገመድና ሽቦ ከአፍንጫዋ አንጠልጥላ ሚዛኗን ለመጠበቅ እየታገለች ነው የተኮሰችው። እና መታች።

ወር ሳይሞላ የሲ27 ተራ ደረሰ። ጁላይ 20 ቀን ጠዋት ስኮትላንድ ሰሜን ላይ ፌር አይል የምትባለው ደሴት አካባቢ ፕሪንሰስ ሉዊዝ የምትባል የአሳ መርከብ እየጎተተቻት ነበር። የሲ27 አዛዥ ክላውድ ዶብሰን ነው፣ ይሄን ስም ያዙልኝ። ወደ ሁለት ሰአት ገደማ ላይ (በኛ አቆጣጠር) ፕሪንሰስ ሉዊዝ ዩ-ቦት አየች፣ በስልክ ለዶብሰን ተነገረው፣ ቆይ ጠብቅ ተባለ። ከዛ ስልኩ ተበላሸ። ድምፅ የለም!

እስቲ ቦታው ላይ ራስህን አስቀምጠው። ውሃ ውስጥ ነህ፣ አታይም፣ ጠላት አለ ተብለሃል፣ ጠብቅ ተብለሃል፣ ከዛ ዝም። ቶሎ ገመዱን ከለቀቅክ ዩ-ቦቱ ገና ሩቅ ሊሆን ይችላል፣ አይቶህ ይጠልቃል፣ ወጥመዱም ምስጢሩም ያበቃለታል። ከቆየህ ደግሞ ከላይ ያሉት ሰዎች እየተደበደቡ ነው። ዶብሰን ጥቂት ደቂቃ ጠበቀ፣ የመድፍ ጥይት ውሃ ሲመታ በብረቱ ውስጥ ሲሰማ ግን ትእዛዝ አልጠበቀም፣ ገመዱን ለቀቀ። ፔሪስኮፕ (ከውስጥ ሆኖ ከውሃ በላይ የሚያሳይ ቱቦ) አውጥቶ ዩ-23ን ጎኗን ሰጥታው ቆማ አገኛት። የመጀመሪያውን ቶርፔዶ ተኮሰ፣ በዛችው ቅጽበት ዩ-23 ሞተሯን አስነስታ መንቀሳቀስ ጀመረችና ቶርፔዶው ከኋላዋ አለፈ። ሁለት ምት ብቻ ነው ያለው ብዬህ የለ? አንዱ ሄደ። ሁለተኛው መታት፣ ከማማዋ ትንሽ ወደ ኋላ። ሰመጠች።

ከዛ ሲ27 ወጥታ በህይወት የተረፉትን ከውሃ ማውጣት ላይ ረዳች፣ 10 ሰው ተረፈ፣ የዩ-23 አዛዥ ሹልቴስም አለበት። የሞቱት 24 ናቸው። ዶብሰን ለዚህ ዲኤስኦ የሚባለውን ሜዳይ ተሸለመ፣ በኔ እይታ ሜዳዩ ለቶርፔዶው ሳይሆን ለዛች ገመዱን ለለቀቀባት ውሳኔ የሚገባ ነው፣ ምክንያቱም ስልኩ ሲሰራ ማንም የሰለጠነ አዛዥ ሊያደርገው የሚችለውን ነገር እሱ ስልክ ሳይኖር ነው ያደረገው።

ወጥመዱ ግን እድሜው አጭር ሆነ። ከዩ-23 የተረፉት እስረኞች ወደ ሀገራቸው ሊመለሱ ከነበሩ ጀርመናዊ ሲቪሎች ጋር እንዲገናኙ ተፈቀደ፣ ታሪኩም በነሱ በኩል ጀርመን ደረሰ። ይሄ እስከ ዛሬ ሳነበው የሚያናድደኝ ነገር ነው፣ ያን ያህል ጥንቃቄ ተደርጎ በአንድ የእስረኛ አያያዝ ቸልተኝነት ምስጢር መውጣቱ። በዛ ላይ ኦገስት ላይ ሁለት እህቶቿ እዚሁ ስራ ላይ እያሉ ጠፉ፣ ሲ33 መጀመሪያ፣ ሲ29 ደግሞ በ29ኛው ቀን ሀምበር ወንዝ አፍ አካባቢ እየተጎተተች ሳለ ፈንጂ መስክ ውስጥ ገብታ፣ ከሁለቱም ማንም አልተረፈም። ከዛ በኋላ ስራው ቆመ።

አሁን ወደ ባልቲክ ጥያቄህ። እንግሊዞች እዛ ምን ይሰሩ ነበር ካልክ፣ የስዊድን የብረት ማዕድን ወደ ጀርመን የሚሄደው በዛ ባህር ነው፣ የጀርመን መርከቦች የሚለማመዱትም እዛ ነው፣ ሩሲያም አጋራቸው ነበረች። ከሲ ክላስ የሚበልጡት የኢ ክላስ ሰርጓጆች ዴንማርክና ስዊድን መሀል ባለው ጠባብ የኦረሰንድ መተላለፊያ በሌሊት ሾልከው ይገቡ ነበር፣ ኢ1 እና ኢ9 በ1914፣ ሌሎቹ በ1915። ግን ኦገስት 19 ቀን 1915 ኢ13 ሳልትሆልም ደሴት ላይ ተጣብቃ ቀረች፣ የገለልተኛዋ ዴንማርክ ውሃ መሆኑን እያወቁ የጀርመን መርከቦች መጥተው ደበደቧት፣ 15 ሰው ሞተ። ሴፕቴምበር ላይ ኢ18 እና ኢ19 እንደምንም ካለፉ በኋላ በሩ ተዘጋ በለው። ሲ27 ደግሞ ያን መንገድ ብትሞክር ነዳጇም ፍጥነቷም አያዋጣትም።

ስለዚ በኋላ በር አስገቧቸው። በ1916 በአውሮፓ በጋ ላይ አራት መርከቦች ተመረጡ፣ ሲ26 ሲ27 ሲ32 እና ሲ35፣ ከእንግሊዝ በመርከብ እየተጎተቱ በኖርዌይ ሰሜን ጫፍ ዞረው ነጭ ባህር ላይ ያለችው አርካንግልስክ ደረሱ። እዛ ባህሩ አለቀ። ከዛ ወደ ባልቲክ የሚወስደው መንገድ በየብስ መሀል ነው፣ ግን ሩሲያ ወንዝ አላት! ባትሪያቸውን አውጥተው አቀለሏቸውና ባርጅ (ጠፍጣፋ የጭነት ጀልባ) ላይ ጫኗቸው፣ በሰሜናዊ ድቪና ወንዝ ሽቅብ፣ ከዛ በካናል፣ በሐይቅ፣ እንደገና በካናል እያሉ ፔትሮግራድ (የዛሬዋ ሴንት ፒተርስበርግ) አደረሷቸው፣ ከዛ አጠገቧ ባለው የሩሲያ ባህር ኃይል ወደብ ክሮንሽታት ላይ ከባርጅ ወርደው ባትሪ ተገጠመላቸው። ካርታ አውጥተህ መንገዱን በጣትህ ተከተለው፣ ከባህር በጣም ርቆ በጫካ መሀል የሚያልፍ ነው፣ የባህር ሰርጓጅ በዛ በኩል ስታልፍ ዳር ላይ ቆሞ ያየ ገበሬ ምን እንዳለ ማወቅ እንዴት ደስ ባለኝ።

ግን በሴፕቴምበር ደርሰው ተሰናድተው እስኪያልቁ ባህሩ መቀዝቀዝና በረዶ መሆን ጀመረ፣ ስለዚ እውነተኛ ስራቸው በ1917 ነው፣ 1917 ደግሞ ሩሲያ ውስጥ ምን አመት እንደሆነ ታውቃለህ። ማርች ላይ ዛሩ ወረደ፣ ሄልሲንኪና ክሮንሽታት ላይ ባህረኞች መኮንኖቻቸውን ገደሉ። እንግሊዞቹ የሚያድሩት ድቪና በምትባል የሩሲያ መርከብ ላይ ነበር፣ የድሮ ስሟ ፓምያት አዞቫ ነው፣ አብዮቱ ሲመጣ የድሮ ስሟን መለሱላት። አዛዣቸው ክሮሚ የሚባል ጥሩ ሰው ነበር፣ ከሩሲያ ባህረኞቹ ኮሚቴ ጋር እየተነጋገረ ሰዎቹን ከአደጋ ያወጣ፣ በኋላ ኦገስት 31 ቀን 1918 ፔትሮግራድ ኤምባሲ ውስጥ በተኩስ ተገደለ።

ኦክቶበር 1917 ላይ ጀርመኖች ሪጋ ባህረ ሰላጤ አፍ ላይ ያሉትን ደሴቶች ለመያዝ ትልቅ ዘመቻ ከፈቱ። ሲ27 ዞር ብላ የምትጠብቀው የውሃ ስፋት ትንሽ ስለሆነ በመጨረሻ ለአካሏ የሚሆን ቦታ አገኘች፣ ለባህር ዳርቻ ነው እኮ የተሰራችው፣ ዳርቻው የሌላ ሀገር ሆነ እንጂ። ኦክቶበር 16 ቀን ኮኒግ እና ክሮንፕሪንዝ የሚባሉት ግዙፍ የጀርመን ጦር መርከቦች ባህረ ሰላጤው ውስጥ ሲገቡ አገኘቻቸው፣ እያንዳንዳቸው ከ25 ሺ ቶን በላይ ናቸው። ተኮሰች፣ ሳተች። ቀጥላ ኢንዲያኖላ የምትባለውን ፈንጂ ጠራጊዎቹን የምትረዳ መርከብ መታች፣ መርከቧ ተጎዳች ግን አልሰመጠችም፣ ጎትተው አወጧት። አንዳንድ ቦታ አሰጠመቻት ተብሎ ተጽፎ ታገኝ ይሆናል፣ አይደለም። እህቷ ሲ32 በዚሁ ዘመቻ ተጎድታ ሰራተኞቿ ዳር ላይ አሳርፈው ራሳቸው አፈነዷት።

ከዛ ነገሩ ቶሎ አለቀ። ዲሴምበር ላይ ሩሲያ ተኩስ አቆመች፣ አብዛኛው የእንግሊዝ ሰራተኛ ወደ ሀገሩ ተመለሰ፣ መርከቦቹ ሄልሲንኪ ወደብ ላይ በጥቂት ጠባቂ ቀሩ። መውጫ የለም፣ ኦረሰንድ ተዘግቷል፣ በወንዙ መመለስም በዛ ትርምስ የሚታሰብ አልነበረም። ኤፕሪል 3 ቀን 1918 ጀርመኖች ሀንኮ ላይ ጦር አወረዱ፣ ከሄልሲንኪ ቅርብ ነው። የቀሩት እንግሊዞች መርከቦቹን በረዶ ሰባሪ እየመራቸው ከወደቡ ውጪ አወጧቸውና አንድ በአንድ አሰጠሟቸው፣ ኢ1 ኢ8 ኢ9 ኢ19፣ ከሲ ክላስ ደግሞ ሲ26 ሲ27 ሲ35፣ በድምሩ ሰባት። የሲ27 ቀን ኤፕሪል 5 ነው። ከብዙ አመት በኋላ በ1950ዎቹ ፊንላንድ ውስጥ ብረቷ ወጥቶ ለቁርጥራጭ ተሸጠ።

ዶብሰንን ያዙልኝ ብዬ ነበር። ሲ27 ከሰመጠች በኋላ በ1919 እንግሊዞች ከቦልሼቪኮች ጋር ባልቲክ ላይ ሲዋጉ፣ ኦገስት 18 ሌሊት በትናንሽ ፈጣን የቶርፔዶ ጀልባዎች ክሮንሽታት ወደብ ውስጥ ገብተው የመቱትን ጀልባዎች የመራው እሱ ነው፣ የድሮ መርከቡ ከሶስት አመት በፊት ከባርጅ የወረደችበት ወደብ ማለት ነው። የሱ ጀልባ አንድሬይ ፔርቮዝቫኒ የሚባለውን ትልቅ የጦር መርከብ መታ፣ ዶብሰን ቪክቶሪያ ክሮስ የሚባለውን የእንግሊዝ ከፍተኛ የጀግንነት ሜዳይ ተሸለመ። በዛ ሌሊት ከሰመጡት አንዷ ደግሞ ፓምያት አዞቫ ነች፣ ያቺ የእንግሊዝ ሰርጓጅ ሰራተኞች ያድሩባት የነበረችው። በታሪክ ስራ ውስጥ እንደዚ አይነት መገጣጠም ሲያጋጥመኝ ምንጩን ደጋግሜ ነው የማየው፣ ይሄኛው ግን ትክክል ነው።

የሷ አይነት ይታያል ወይ ላልከው፣ ከ38ቱ ሲ ክላስ አንዷም አልተረፈችም። ከሁሉም የምትቀርባት በሆላንድ ስም የምትጠራው የእንግሊዝ ባህር ኃይል የመጀመሪያዋ ሰርጓጅ ሆላንድ 1 ነች፣ በ1901 ውሃ የነካች፣ በ1913 ለቁርጥራጭ ስትጎተት የሰመጠች፣ በ1982 የወጣች። ጎስፖርት ከተማ የሰርጓጅ ሙዚየም ውስጥ ነች፣ ውስጧም ይገባል። ርዝመቷ የሲ27 ግማሽ እንኳን አይሞላም ግን የቤንዚን ሞተር ነው ያላት፣ ስትገባ ሞተሩና የሰዎቹ መቀመጫ ምን ያህል እንደሚቀራረቡ ልብ ብለህ እይ፣ ከላይ ስለ ትነቱ የጻፍኩት ወዲያው ይገባሃል።